በእጅ የተሠራ የጋዝ ተርባይን፦ ተረትና እውነታ

ከጭነት መኪና የወለቀ አሮጌ ቱርቦ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፈልጎ የሚያጣ የለም። ላሜራ የሚጠቀልል፣ ቧንቧ የሚበይድ፣ ቶርኖ ላይ የሠለጠነ እጅም በየሰፈሩ አለ። አንድ የቴክኒክ ተማሪ ወይም መካኒክ እነዚህን አገናኝቼ ትንሽ የጋዝ ተርባይን ልሥራ ቢል ቅዠት አይደለም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ በርካታ ሰዎች በገዛ ጋራዣቸው ሠርተው አስነሥተዋል። ይሁን እንጂ ሥራውን ብዙ የተሳሳተ እምነት ከቦታል። አንዳንዱ እምነት ሰውን ገና ሳይጀምር ተስፋ ያስቆርጠዋል። ሌላው ደግሞ የጀመረውን ሰው ዓይኑን ወይም እጁን ያሳጣዋል።

አስቀድመን አሠራሩን እንያዝ። ኮምፕረሰሩ አየር ስቦ ያምቃል። የታመቀው አየር ወደ ማቃጠያው ክፍል ገብቶ ከነዳጅ ጋር ይነድዳል። የጋለው ጋዝ እየተስፋፋ ሲወጣ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ኮምፕረሰር መልሶ ያዞራል። ቱርቦ ኮምፕረሰርና ተርባይን በአንድ ዘንግ ላይ ይዞ የተሠራ ዕቃ በመሆኑ የጋራዥ ሠሪዎች ከእሱ መጀመር ይወዳሉ። ለእነሱ የሚቀረው ማቃጠያውን መሥራት፣ ነዳጁንና ዘይቱን ማድረስ፣ ማቀጣጠያውን መግጠም ነው።

ተረት 1፦ ከአውሮፕላን ፋብሪካ ውጭ ማንም ሊሠራው አይችልም

እውነታው፦ የጋዝ ተርባይን ታሪክ የጀመረው በጥቂት ሰዎች እጅ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ባርበር ለሐሳቡ ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1791 ነበር። ሐሳቡ በተግባር የታየው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1903 ኖርዌያዊው ኤጊዲየስ ኤሊንግ የራሱን ኮምፕረሰር አሽከርክሮ 11 የፈረስ ጉልበት የሚተርፈው ማሽን ባስነሣ ጊዜ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ ጀርመናዊው ኩርት ሽሬክሊንግ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሞዴል አውሮፕላን የምትሆን ትንሽ ጄት ሠርቶ ንድፏን በመጽሐፍ አወጣ። የኮምፕረሰሯ ጎማ፣ ማለትም የሚሽከረከረው ክፍሏ፣ በካርቦን ፋይበር የተጠናከረ ኮምፔንሳቶ ነበር። እንጨት በጄት ሞተር ውስጥ መግባቱ የማይታመን ቢመስልም፣ ኮምፕረሰሩ ከእሳቱ በፊት ያለ ክፍል ስለሆነ ሙቀቱ ሊቻል የሚችል ነው። ከእሱ በኋላ ቶማስ ካምፕስ የቱርቦ ኮምፕረሰር ጎማ የሚጠቀም ንድፍ አሳተመ፤ በየአገሩ ያሉ ሠሪዎችም ተከተሉት። እነዚህ ሰዎች ትልቅ ፋብሪካ አልነበራቸውም። የነበራቸው የሠሩትን ሁሉ እየለኩ የማሻሻል ልማድ ነው።

ተረት 2፦ ከኋላው ረጅም ነበልባል ካወጣ ሞተሩ ሠርቷል

እውነታው፦ ይህ እምነት ከሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። በቪዲዮ ሲያዩት ያምራል፤ ተመልካችም ያጨበጭባል። ነዳጁ ግን ተርባይኑ ጋ ሳይደርስ፣ ማቃጠያው ውስጥ ተቃጥሎ ማለቅ ነበረበት። እሳቱ ወደ ኋላ ካመለጠ ወይ ነዳጁ በዝቷል፣ ወይ አየሩ አንሷል፣ ወይ ማቃጠያው አጥሯል። ነዳጁ ሥራ ሳይሠራ እየባከነ ነው፤ ተርባይኑም ሊችለው በማይገባ እሳት እየተለበለበ ነው።

ጀርመናዊው ሃንስ ፎን ኦሃይን ይህ ደርሶበታል። በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ በጎቲንገን ከተማ፣ ማክስ ሃን ከተባለ የመኪና መካኒክ ጋር በጋራዥ ውስጥ የመጀመሪያ ሞዴሉን ሠራ። ነዳጁ ማቃጠያው ውስጥ ነድዶ ስላላለቀ ነበልባሉ ከተርባይኑ አልፎ ወጣ፤ ሞተሩም በራሱ መሮጥ አልቻለም። ኦሃይን ግን ጉድለቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለይቶ ነበር። ኤርነስት ሃይንከል የተባለው የአውሮፕላን አምራች ከቀጠረው በኋላ፣ ቶሎ በሚነድደው ሃይድሮጅን ጀምሮ ማቃጠያውን ደረጃ በደረጃ አሻሻለ። ነሐሴ 27 ቀን 1939 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የእሱን ሞተር የያዘው ሃይንከል 178 በረረ። በጄት ሞተር የበረረ የመጀመሪያው አውሮፕላን ይህ ነው።

ታዲያ ሞተሩ መሥራቱ በምን ይታወቃል? ለማስነሣት ከውጭ የሚነፋለት አየር ሲቋረጥ በራሱ መሮጡን በመቀጠሉ ነው። ይህ የሚከብድበትን ምክንያት ቁጥር ያስረዳል። በ1939 ብራውን ቦቬሪ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ለኑሻቴል ከተማ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የጋዝ ተርባይን ሠራ። ተርባይኑ 15,400 ኪሎዋት ገደማ ሲያመነጭ፣ 11,400 ያህሉን የራሱ ኮምፕረሰር ይወስድ ነበር፤ ለከተማው የሚተርፈው 4,000 ኪሎዋት ነው። ከአራቱ እጅ ሦስቱ የሚጠፋው አየር ለማመቅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ ትንሽ ቢደክም፣ ማቃጠያው የአየር ግፊቱን ትንሽ ቢበላ፣ ከመጋጠሚያዎቹ ትንሽ ቢያፈስ፣ ተደማምሮ ትርፉን በሙሉ ይጨርሰዋል። እሳቱ እየነደደ ሞተሩ ግን ዙር መጨመር እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ተረት 3፦ ልዩ ብረት ካልተገኘ ተርባይኑ ይቀልጣል

እውነታው፦ ነጭ ጋዝ በልኩ አየር ሲነድድ የነበልባሉ ሙቀት ወደ 2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ይህንን ራቁቱን የሚችል የተርባይን ብረት የለም፤ የቱርቦው ጎማ የተሠራበት የኒኬል ቅይጥም አይችለውም። ሞተሩን የሚያድነው አየር ነው። አንድ ኪሎ ነጭ ጋዝ ለመንደድ 15 ኪሎ ያህል አየር ይበቃዋል። በትንሽ ተርባይን ውስጥ ግን ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 60 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ አየር ያልፋል። ትርፉ አየር ሥራው ማቀዝቀዝ ነው።

ጥበቡ ያለው ማቃጠያው ውስጥ በሚገባው የእሳት ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው ከማይዝግ ብረት ላሜራ ተጠቅልሎ በረድፍ ይበሳል። ከፊት ያሉት ቀዳዳዎች እሳቱ የሚያዝበትን አየር ብቻ ያስገባሉ። መካከለኞቹ ቃጠሎውን ይፈጽማሉ። ከኋላ ያሉት ሰፋፊ ቀዳዳዎች ደግሞ የቀረውን አየር ለቀው፣ በፈላ ውሃ ላይ ቀዝቃዛ ጨምሮ ለገላ እንደሚመጠን ሁሉ፣ ጋዙን ተርባይኑ ወደሚችለው ሙቀት ያወርዱታል። አየሩ በሙሉ ከፊት ቢገባ እሳቱ ይጠፋል። በሙሉ ከኋላ ቢገባ ነዳጁ ሳይነድ ያልፋል።

ስለዚህ ብርቅ ብረት ከመፈለግ በፊት ቴርሞካፕል የሚባለውን የሙቀት መለኪያ መግጠም ይቀድማል። ጉዳት በብዛት የሚደርሰው በማስነሣት ጊዜ ነው፤ አየሩ ገና ትንሽ ሳለ ነዳጅ ይበዛና ሙቀቱ በቅጽበት ይወጣል። ዙሩ ሳይጨምር ሙቀቱ ብቻ ከወጣ ነዳጁን መዝጋት፣ የማስነሻውን አየር ግን አለማቋረጥ ነው።

ተረት 4፦ የአውሮፕላን ነዳጅ ከቤንዚን ይልቅ የሚፈነዳ ልዩ ነገር ነው

እውነታው፦ ጄት ኤ-1 የሚባለው የአውሮፕላን ነዳጅ የነጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው። ተኖ በእሳት ፍንጣሪ የሚያያዘው ቢያንስ 38 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ይያያዛል። የጋዝ ተርባይን ነጭ ጋዝም፣ ናፍጣም፣ ቡታጋዝም ያቃጥላል። ብዙ ሠሪዎች በቡታጋዝ አስነሥተው ሲሞቅ ወደ ነጭ ጋዝ ይለውጣሉ።

እውነተኛው አደጋ ያለው ሳይቃጠል ማቃጠያው ውስጥ በተጠራቀመ ነዳጅ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንክ ዊትል ሚያዝያ 12 ቀን 1937 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በራግቢ ከተማ የመጀመሪያ ሞተሩን ሲያስነሣ ዙሩ ከቁጥጥር ውጭ ሽቅብ ሄደ። የነዳጁን ቫልቭ ቢዘጋውም አልቆመም፤ አብረውት የነበሩት ሰዎች ሸሹ። በኋላ ሲመረመር ያፈሰሰ ነዳጅ ማቃጠያው ውስጥ ኩሬ ሠርቶ ነበርና ያ እስኪያልቅ ሞተሩ ይሮጥ ነበር። መፍትሔው ነዳጁ የሚወርድበት መውረጃ ማበጀት ሆነ። ዛሬም ከማቃጠያው ዝቅተኛ ቦታ መውረጃ ሊኖር ይገባል። አንደኛው ሙከራ ሳይያያዝ ከቀረ ደግሞ ሁለተኛውን ከመሞከር በፊት አየር ብቻ እየነፉ ማጽዳት ግድ ነው።

ተረት 5፦ ቱርቦ ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ቢሰበርም ቤቱ ይይዘዋል

እውነታው፦ ሰባት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በደቂቃ 100,000 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሴኮንድ 366 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። ጎማውን ሊበጣጥስ የሚጎትተው ኃይል ደግሞ ከዙሩ ጋር እኩል አያድግም። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ዙሩ በመቶ 10 ብቻ ቢያልፍ ኃይሉ በመቶ 21 ይጨምራል። ትንሽ ብጨምርስ ማለት የሚያስፈራው ለዚህ ነው። የቱርቦው ቤት የተሰበረ ጎማ በማንኛውም ዙር ይይዛል ብሎ መተማመንም አይቻልም።

ስለዚህ ማንም ሰው ጎማዎቹ በሚዞሩበት ትይዩ አይቆምም። በሞተሩና በሰው መካከል ወፍራም ብረት ወይም የአሸዋ ጆንያ ይቀመጣል። የነዳጁ መዝጊያ ሩቅ ይሆናል። ሙከራው ደጅ ይካሄዳል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሳያስታውቅ ይገድላል። ጆሮ ይሸፈናል፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኖራል። የዘይቱ ግፊት መለኪያም እንደ ሕይወት ይታያል፤ ዘንጉ የሚዞረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነውና ዘይቱ ለጥቂት ሴኮንድ ቢቋረጥ ሞተሩ ያልቃል።

ተረት 6፦ ጄት የሚገፋው ከኋላው ያለውን አየር ስለሚመታ ነው

እውነታው፦ ሞተሩ አየሩን ወደ ኋላ ሲያፈጥነው አየሩ ሞተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። ከኋላ የሚደገፉበት አየር አያስፈልግም። ይህ ለሙከራ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሞተሩ በሚንሸራተት መደብ ላይ ተቀምጦ ሚዛን እንዲስብ ከተደረገ የሚገፋበትን ኃይል በቀጥታ ማንበብ ይቻላል። ድምፁ ቢያደነቁርም የግፊቱን መጠን የሚናገረው ሚዛኑ ብቻ ነው።

ተረት 7፦ በቤት የተሠራ ተርባይን ርካሽ መብራት ይሰጣል

እውነታው፦ አይሰጥም። ከቱርቦ የተሠራ ሞተር አየሩን እጥፍ ያህል ቢያምቅ፣ ምንም ነገር ሳይባክን እንኳ ከነዳጁ ኃይል ወደ ሥራ ሊለውጥ የሚችለው በመቶ 18 ገደማ ነው። በእውነተኛው ሞተር ከዚህ እጅግ ያነሰ ይገኛል። የኑሻቴሉ ማሽን ራሱ በመቶ 17 ያህል ነበር። ተራ የናፍጣ ጄኔሬተር በመቶ 30 እና ከዚያ በላይ ይለውጣል። የጋዝ ተርባይን በአውሮፕላን ላይ የነገሠው ለክብደቱ የሚሰጠው ኃይል ከፍተኛ ስለሆነ ነው። በማመንጫ ጣቢያ ከመቶ 60 በላይ የሚደርሰውም አየሩን አብዝቶ በማመቁ፣ በከፍተኛ ሙቀት በመሥራቱና ከኋላ የሚወጣው ሙቀት ለእንፋሎት ተርባይን በመዋሉ ነው። የጋራዡ ሞተር ዋጋው በሚያስተምረው ነገር ላይ ነው፦ ሙቀት፣ የአየር ፍሰት፣ የብረት ጠባይና ልኬት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛል።

ሙከራው በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ዘይቱ ብቻ ይዙር፤ ግፊቱ ይመዝገብ፣ ማፍሰሱ ይታይ። ቀጥሎ ያለ እሳት፣ በአየር መንፊያ ብቻ ጎማው ይዙር፤ ንዝረቱ ይደመጥ። ከዚያ ማቀጣጠያው ለብቻው ይፈተሽ። ነዳጅ የሚከፈተው እነዚህ ሁሉ ሲያልፉ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ራሱን እስኪችል ድረስም ከሞተሩ ሌላ ነገር አይፈለግም። ነዳጁ ሲዘጋም ሥራው አላለቀም፤ የጋለው ተርባይን ሙቀቱን ወደ ዘንጉ ይልካል፣ የቆመ ዘይትም እዚያው ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ስለዚህ ተርባይኑ እስኪቀዘቅዝ ዘይቱና አየሩ መፍሰሳቸውን ይቀጥላሉ። በየደረጃው ዙሩ፣ ሙቀቱ፣ የአየሩና የዘይቱ ግፊት በደብተር ይጻፋሉ።

ይህ በቤት ለሚሠራ ሞተር የበዛ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ ወደ ቦሌ ይመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሞተር ባለሙያዎችም የጠገኑትን ሞተር ወደ ክንፍ ከመመለሳቸው በፊት መፈተኛ ክፍል ውስጥ አስነሥተው ይለኩታል። የእነሱ መሣሪያ ውድ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ለማንም ተማሪ ክፍት ነው። የቴክኒክ ኮሌጅ መምህራንም ተማሪ ተርባይን ሠራሁ ብሎ ሲመጣ ነበልባሉን እንዲያሳይ ከመጠየቅ ይልቅ የሙከራ ደብተሩን እንዲያሳይ ይጠይቁት፤ ውጤቱንም በደብተሩ ላይ ይስጡት። እንዲህ የተፈተነ ተማሪ ሞተሩ ቢበላሽበት እንኳ ለምን እንደተበላሸ ያውቃል፤ ቀጣዩንም የተሻለ አድርጎ ይሠራል።