ከመድኃኒትና ከዘር ስለሚመጣ የሆድ ሕመም

በጉለሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለድኆች መታከሚያ ባሠሩት በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ግቢ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ተራውን የሚጠብቅ ሕመምተኛ አይታጣም፤ አስታማሚውም አጠገቡ የተቀመጠውም ሰው አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን በልተህ ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ከአበው የወረስነው ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ነገር ግን ከእርሱ ቀጥሎ ሊመረመር የሚገባው ነገር፣ ይኸውም ሰውየው ምን መድኃኒት እንደ ወሰደና ከእነማን እንደ ተወለደ፣ ሳይነሣ ስለሚቀር፣ ቁርጠቱ በጨጓራ፣ በምች ወይም በወስፋት ስም እየተጠራ እውነተኛው መንሥኤ ተሰውሮ ይኖራል።

መድኃኒት ሆድን ማሳመሙ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ኮሶ የጠጣ ሁሉ ትሉ እስኪወጣለት ድረስ የሚይዘውን ቁርጠትና ማቅለሽለሽ ያውቃል፤ ልኩ ሲያልፍም ዓይንን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ ሐኪሞች ጽፈዋል። ዛሬ ደግሞ ለወገብና ለጥርስ ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ሕመሙን በሚያስታግሡበት በዚያው ኃይላቸው የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውን ልባስ ያሳሳሉ፤ በዚህም ብዙዎች ወገባቸውን ሊያድኑ ሲሉ ጨጓራቸውን ያቈስላሉ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን፣ አንድ መድኃኒት በአንድ ልክ ተሰጥቶ በሁለት ሰዎች ሥጋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ መሥራቱ ነው። በጉበታችን ውስጥ ሊቃውንት «ሲዋይፒ2ዲ6» ብለው የሰየሙት ኢንዛይም አለ፤ ለሕመምና ለሳል የሚሰጠው ኮዴይን በዚህ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ካልተለወጠ በቀር እምብዛም አያስታግሥም። ኢንዛይሙን የሚያስገኘው ጂን ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ሆኖ የሚወረስ ሲሆን፣ አንዳንዱ ሰው ግን ይህንኑ ጂን ተደጋግሞ ይወርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዋ ኤሌኒ አክሊሉ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው 122 ኢትዮጵያውያን ከመቶው 29 ያህሉ ይህን የተደጋገመ ጂን ተሸክመው ተገኙ፤ በስዊድናውያን ዘንድ ግን ይህ ከመቶ ከአንድና ከሁለት ሰው አይበልጥም። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን ሲውጥ፣ በሌላው ዘንድ ቀስ እያለ የሚገኘው ሞርፊን በእርሱ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ ይበዛል፤ ሞርፊንም አንጀትን ያደርቃል፣ የሐሞት ቧንቧን አፍ ያጠብቃል፣ ስለዚህም ከቀኝ የጐድን አጥንት በታች የሐሞት ጠጠርን የሚመስል ብርቱ ውጋት ሊነሣ ይችላል። ይባስ ብሎም እስትንፋስን ያደክማል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ የወሰነው፣ የሚያጠቡ እናቶችንም ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው። ይህ ጂን በእኛ ዘንድ ለምን እንደ በዛ ሊቃውንቱ ሲገምቱ፣ በረኀብ ዘመን መራራና መርዛም ዕፀዋትን እየበሉ የተረፉ ቀደምት አባቶቻችን ያወረሱን ጋሻ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ እኔም ይህን ግምት ሳነብ ለእነዚያ አባቶች የሚሰማኝ አክብሮት ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ውርስ ብቻውን ሁሉን አይወስንም፤ ቈየት ብሎ በኢትዮጵያና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲነጻጸሩ፣ ጂናቸው አንድ ሆኖ ሳለ የኢንዛይሙ ሥራ እንደ መኖሪያቸው ተለያይቶ ተገኝቷል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶችም፣ በተለይ ኢሶናያዚድና ፒራዚናማይድ፣ ጉበትን ሊያስቈጡ ይችላሉ፤ ኢሶናያዚድን ቀስ ብሎ የሚያስወግድ ባሕርይ የወረሰ ሰው ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ከቀኝ የጐድን አጥንት በታች ሕመም፣ ማስመለስና የዓይን ቢጫነት የታየበት ታካሚ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ጣቢያው ሊሄድ ይገባዋል እንጂ መድኃኒቱን በስውር ትቶ ከቤቱ ሊቀመጥ አይገባውም።

በዘር የሚወረሱና መድኃኒት የሚቀሰቅሳቸው ደዌያት ጥቂቶች ቢሆኑም ጭካኔያቸው ብርቱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ፖርፊሪያ ነው፤ ደምን የሚያቀላውን ንጥረ ነገር የሚሠራው የሰውነት ሥርዓት በውርስ ስለ ጐደለ፣ በመንገድ የቀረው ጥሬ ነገር ተከማችቶ ነርቭን ያውካል፤ ሕመምተኛውም በቁርጠት ይጮኻል፣ ሐኪም ሲዳስሰው ግን ሆዱ ለስላሳ ነው፣ በከንቱ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውም አሉ። ሽንቱ በብርሃን ሲቀመጥ ይጠቍራል ወይም ይቀላል። ይህን ደዌ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ይቀሰቅሰዋል፤ የእህል መጓደልም እንዲሁ ያነሣሣዋል፤ ከሕክምናውም አንዱ ግሉኮስ መስጠት ነው። ስለዚህ በጾም ወራት እየተመላለሰ የሚነሣ ብርቱ የሆድ ሕመም ያለበት ምእመን ይህን ለሐኪሙም ለንስሓ አባቱም ቢነግር መልካም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ጾምን ታቃልላለችና። ሁለተኛው ደግሞ ፊትን፣ ከንፈርንና አንጀትን በድንገት የሚያሳብጠው በዘር የሚተላለፍ የእብጠት ደዌ ነው፤ አንጀት ሲያብጥ ሕመሙ ትርፍ አንጀትን ይመስላል፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪልም ያባብሰዋል፤ ይህ ደዌ በሌለበት ሰው ላይ እንኳ ኢናላፕሪል አልፎ አልፎ ተመሳሳይ እብጠት ያስከትላል።

እስከ ሰባት ቤት ሐረግ እየቈጠረ ጋብቻን የሚመረምር ሕዝብ፣ አያቱ በምን እንደ ሞተ፣ አክስቱ በየጊዜው ምን እያመማት እንደምትተኛ ለሐኪም ለመናገር ማፈሩ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ይህ ዕውቀት በቤተሰቡ ዘንድ ያለ፣ ከማናቸውም የላቦራቶሪ ምርመራ በፊት ሊገኝ የሚችል ነው። ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው የሚወስዳቸውን እንክብሎች ከነማሸጊያቸው፣ የባህል መድኃኒትም ጠጥቶ እንደ ሆነ ያንኑ ሳይደብቅ ይዞ ይሂድ። መድኃኒት ጐድቶት ከተገኘም፣ የጤና ባለሙያው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚልከውን ቢጫ ቅጽ እንዲሞላለት፣ የመድኃኒቱም ስም በካርዱ ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ፤ በሌላ ቀን በሌላ ጤና ጣቢያ የሚቀበለው ሐኪም ያንን መድኃኒት ደግሞ እንዳያዝለት የሚያስጠነቅቀው ይኸው ጽሑፍ ነው።