ጉንፋን ያልሆነው ጉንፋን

ሰው ሲያስነጥሰው «ይማርህ» እንለዋለን። ሃያ ጊዜ ሲያስነጥሰውስ? በየዓመቱ ሲመላለስበትስ? ያኔ «ይማርህ» ማለቱን ትተን እንስቅበታለን። ወይም እንሸሸዋለን።

በማታ ክፍላችን አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ይማራሉ። ጥር ላይ፣ በውቂያ ሰሞን፣ ዓይናቸው ቀልቶ አፍንጫቸው እየፈሰሰ መጡ። እንባቸው ፊደሉን ጋረደባቸው።

«አባባ፣ ጉንፋን ያዘዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ጉንፋንማ በሳምንቱ ይለቃል ልጄ» አሉኝ። «የእኔው አውድማ በተጣለ ቁጥር ነው የሚነሣው። እብቁ ሲቦን አፍንጫዬን ይበላኛል። ሌሊት ይደፈንና በአፌ ስተነፍስ አድራለሁ። ሲነጋ ራሴን ይከብደኛል። በደቦ ላይ መንሹን ጥዬ ዘወር ስል ‹ሥራ ጠልቶ ነው› ይሉኛል። ቤት ደግሞ የምጠጣበትን ጣሳ ለይተውብኛል። ከሕመሙ ይልቅ የጣሳው ነገር ያንገበግበኛል።»

ይህ ሕመም የአፍንጫ አለርጂ ይባላል። ብዙ ሰው «ሳይነስ» ወይም «ብርድ» ይለዋል። ሰውነታችን በሽታን የሚከላከል ኃይል አለው። በአንዳንድ ሰው ላይ ይህ ኃይል ይሳሳታል። አቧራን፣ የአበባ ብናኝን፣ የሻገተ ገለባን ወይም ከእንስሳት ገላ የሚረግፈውን እንደ ጠላት ይቆጥራል። ያን ለማስወጣት ያስነጥሳል። አፍንጫን ያፈሳል፣ ይደፍናል።

ስለዚህ ሕመሙ ስንፍና አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለአለርጂ ተብሎ ጣሳ አይለይም።

ሐኪሞችም ይህን ሕመም ቀምሰውታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦስቶክ ከልጅነቱ ጀምሮ በየበጋው ይሠቃይ ነበር። በ1819 እ.ኤ.አ. የራሱን ሕመም ለባልንጀሮቹ ሐኪሞች ገለጸ። ሌላው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርለስ ብላክሊም ታማሚ ነበር። በራሱ ላይ እየሞከረ መርምሮ፣ ምክንያቱ የሣር አበባ ብናኝ መሆኑን በ1873 እ.ኤ.አ. አሳወቀ። ሁለቱም ሕመማቸውን አልናቁትም፤ አልደበቁትም።

ከጉንፋን በምን ይለያል? ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። ትኩሳትም ሊኖረው ይችላል። አለርጂ ትኩሳት የለውም። አቧራው እስካለ ድረስ ይቆያል። አፍንጫንና ዓይንን ያሳክካል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. በውቂያ ጊዜ አፍንጫንና አፍን በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍን። ነፋሱን ከኋላችን አድርገን እንቁም።

2. ከሥራ ስንመለስ ፊታችንን እንታጠብ። ልብሳችንን እንቀይር።

3. መኝታችንን ፀሐይ ላይ እናስጣ፤ እናራግፍ። ጢስ ያባብሳልና ለቤታችን የጢስ መውጫ እናብጅ።

4. አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልተን እናቀዝቅዝ። ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው እንጨምርበት። በዚያ አፍንጫችንን እንጠብ።

5. ካልተሻለን ጤና ጣቢያ እንሂድ። የሚዋጥ ኪኒንና አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት አለ። አንዳንዱ ኪኒን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ሐኪሙን እንጠይቅ።

ደረት ሲጢጥ የሚል ከሆነ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳንዘገይ እንሂድ። ሳል ከ2 ሳምንት ካለፈም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እንመርመር።

እኒያ አባት ይህን ወረቀት ለቤተሰባቸው ራሳቸው እንደሚያነቡ ነግረውኛል። እናንተም አንብቡ። ላልሰማም አሰሙ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።