ባንክ ሲጠቃለል የመያዣው ነገር

በጨና ወረዳ በዋጫ ከተማ ቤቱን አስይዞ የተበደረ ሰው፣ አበዳሪው ባንክ ቀርቶ ዕዳው ወደ ሌላ ባንክ ቢተላለፍ፣ «እኔ የተዋዋልሁት ከዚያኛው ጋር ነው» ብሎ አይድንም። በ2008 ዓ.ም. የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ (ከስሮ ግን አይደለም) ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ሲጠቃለል ብድሩ ከነመያዣው ተሻግሯል።

ክርክሩ የሚከረው በሐራጁ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3060፣ የሕጉ ሥርዓት ሳይፈጸም መያዣን ለመሸጥ የሚደረግን ስምምነት ዋጋ አይሰጠውም። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ግን በውል የተስማማ ባንክ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያለ ፍርድ በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቀደለት። ይህ ለባለዕዳው እጅግ ከባድ ነው። እንግዲህ የቀድሞው ባንክ ደረሰኝ ዋና ማስረጃው ይሆናል፤ መተላለፉ ሳይነገረው ለቀድሞው አበዳሪ የከፈለው ይታሰብለታልና። በሐራጁ አፈጻጸም ጉዳት ከደረሰበትም በዚሁ አዋጅ መሠረት ባንኩን ካሣ ይጠይቃል።