ቀዝቃዛው ጫፍ፦ በአፍንጫ ቆዳ ላይ የሚታዩ ለውጦችና ከጀርባቸው ያሉ በሽታዎች

እንደሚታወቀው የሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል መሆኑን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ እንማራለን። ይህ አኃዝ ትክክል የሚሆነው ግን ስለ ልብ፣ ስለ ጉበትና ስለ አንጎል ስንናገር ነው፤ ስለ አፍንጫ ጫፍ ስንናገር አይሠራም። ለከፍተኛ ትምህርት በውጭ አገር ሳለን በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከኢንፍራሬድ ካሜራ ፊት ተራ በተራ ቆመን ነበር። በስክሪኑ ላይ የሁላችንም ግንባርና የዓይን ጥግ ደምቆ ሲታይ፣ አፍንጫችን ያለበት ቦታ ግን ጠቁሮ ጉድጓድ መስሎ ታየ። በጊዜው ሳቅንበት። ከዓመታት በኋላ ስለ ሥጋ ደዌ የተጻፈ መጽሐፍ ስናነብ ያ ጥቁር ጉድጓድ ትዝ አለን፤ በዚህ ጊዜ ግን አላሳቀንም።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። የአንድ ሉል የገጽ ስፋት ለይዘቱ ሲካፈል ውጤቱ ሦስት ሲካፈል ለራዲየሱ ነው። ጭንቅላትን 10 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ሉል፣ የአፍንጫን ጫፍ ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ሉል አድርገን ብንወስድ፣ አፍንጫ ከይዘቱ አንጻር ሲታይ ከጭንቅላት አሥር እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት የሚያጣበት ገጽ አለው ማለት ነው። በዚህ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ቀዝቃዛ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ የውስጡ እርጥበትም ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በመጠነኛ ቅዝቃዜ እንኳ የአፍንጫ ጫፍ ከውስጠኛው ሰውነት በብዙ ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ልዩነቱ 6 ዲግሪ ቢሆን፣ በስቴፋንና ቦልትስማን ሕግ መሠረት የሚወጣው ጨረር በ8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ካሜራው ያየው ይህንኑ ነው።

ብርድ ሲበረታ ደግሞ ሰውነት ለአፍንጫ የሚልከውን ደም ይቀንሳል። በዚያ የቀረው ደም ኦክስጅኑን አስረክቦ ስለሚዘገይ ጫፉ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ከአፍንጫው ጋር ምላስና የከንፈር ውስጠኛ ክፍልም ከጠቆሩ ግን ነገሩ ከብርድ ያልፋል። ምላስ በቂ ሙቀትና ደም ያለበት ቦታ በመሆኑ፣ እርሱ ከሰመየ ደሙ ከሳንባና ከልብ ሲነሣም ኦክስጅን ጎድሎት ነበር ማለት ነው።

ቅዝቃዜን የመረጠ ባክቴሪያ

የሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ፣ ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬን፣ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኙት የኖርዌዩ ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ናቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከ150 ዓመታት በላይ ቢያልፉም ይህን ባክቴሪያ በሰው ሠራሽ ማብቀያ ላይ ማራባት የቻለ የለም። ተመራማሪዎች ችግሩን የተወጡት ሙቀትን በመከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው ቻርልስ ሼፐርድ ባክቴሪያውን በአይጥ የእግር መዳፍ ውስጥ ማራባት ቻሉ፤ መዳፉ ከአይጧ ሰውነት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኪርክሃይመርና ስቶርስ የተባሉት ተመራማሪዎች አርማዲሎ የተባለው ባለ ጥሩር እንስሳ በዚሁ ባክቴሪያ እንደሚታመም አሳዩ። የአርማዲሎ የሰውነት ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። ባክቴሪያው ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ያለው ሙቀት መሆኑን ስናውቅ ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል።

አሁን ወደ ሰው ፊት እንመለስ። የሥጋ ደዌ ብዙ ባክቴሪያ ባለበት ዓይነቱ በሰውነት ላይ የሚያሳየው ካርታ የሙቀት ካርታ ይመስላል። የአፍንጫ ጫፍና ክንፎች፣ የጆሮ ጫፎች፣ ቅንድብ፣ ክርንና ጉልበት ይወፍራሉ ወይም ያብጣሉ፤ ብብትና ብሽሽት ግን ሞቃት ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። በአፍንጫ ውስጥ በሽታው ቀድሞ የሚታየው ጉንፋን በሚመስል መታፈን፣ በቅርፊትና በነስር ነው። ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየውን ግድግዳ ይበሳል፤ የአፍንጫው ግንድም ተደርምሶ እንደ ኮርቻ ይሰረጉዳል።

ጊዜው ለምን እንደሚረዝም ለማየት እርሳስ እናንሣ። ይህ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመከፈል 13 ቀናት ያህል ይፈጅበታል። በዓመት 28 ጊዜ ገደማ ይከፈላል ማለት ነው፤ ከአንድ ባክቴሪያም በስሌት ደረጃ 268 ሚሊዮን ያህል ይገኛል። በየ20 ደቂቃው የሚከፈለው ኢ. ኮላይ ግን እዚያው ቁጥር ላይ የሚደርሰው በ9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። የሥጋ ደዌ ምልክት ከተያዙበት ቀን በአማካይ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከሃያ ዓመት በኋላ የሚታየው በዚህ ዝግታ ምክንያት ነው። ሕመምተኛው መቼና ከማን እንደያዘው ማስታወስ አይችልም። በዘር ይተላለፋል፣ እርግማን ነው የሚለው አሮጌ አስተሳሰብም ከዚሁ መዘግየት ሳይጠቀም አልቀረም ብለን እናምናለን።

ይህን በኢትዮጵያ ውስጥ ሆነን ስንጽፍ አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመውን አለርትን፣ በአጠገቡም በሐንሰን ስም የተሰየመውን የምርምር ተቋም ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። በሽታው ዛሬ ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረበው የጥምር መድኃኒት ሥርዓት መሠረት እንደ በሽታው ዓይነት ለስድስት ወይም ለአሥራ ሁለት ወራት መድኃኒት ይወሰዳል፤ ከ1995 ጀምሮም መድኃኒቱ በነጻ ይታደላል። የማይመለሰው የሞተ ነርቭና የተደረመሰ አፍንጫ ነው።

ሦስቱ ተኩላዎች

በሕክምና ቋንቋ ሉፐስ የሚባሉ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች አሉ። ቃሉ በላቲን ተኩላ ማለት ነው፤ የቀድሞ ሐኪሞች ፊትን ተኩላ የነከሰው የሚያስመስል ቁስል ሲያዩ ያወጡት ስም ነው። ሦስቱም አፍንጫ ላይ ይወጣሉ፤ መነሻቸው ግን አይገናኝም።

የመጀመሪያው ሉፐስ ቩልጋሪስ የቆዳ ሳንባ ነቀርሳ ነው። የታመመውን ቦታ በመስተዋት ቁራጭ ተጭነን ደሙን ገፋ ስናደርገው፣ ከሥሩ የአፕል ማርማላታ የመሰለ ቡናማ ቢጫ ቀለም ይታያል። ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን ይህን በሽታ በተሰበሰበ ብርሃን በማከም እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ለፊዚክስ ተማሪ የሚጥመው የታሪኩ ክፍል ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ነው። ፈዋሹ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የዴንማርክ ተመራማሪዎች የፊንሰንን መሣሪያዎች ሲመረምሩ ሌንሶቹና ማጣሪያዎቹ ከ340 ናኖ ሜትር በታች ያለውን ጨረር እንደማያሳልፉ አረጋገጡ። ወደ ቆዳው ይደርስ የነበረው በ400 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው ብርሃን ሲሆን፣ እርሱም ባክቴሪያው ራሱ በሚሠራው ፖርፊሪን ላይ አርፎ ባክቴሪያውን እንደገደለ ገመቱ። ፊንሰን ትክክለኛውን ሕክምና በተሳሳተ ማብራሪያ ሰጥተው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሉፐስ ፐርኒዮ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጡት የፓሪሱ ሐኪም ኧርነስት ቤስኒዬ ናቸው፤ ፐርኒዮ ማለት ብርድ የመታው ቆዳ ማለት ነው። በአፍንጫ፣ በጉንጭና በጆሮ ላይ የሚወጣ ሐምራዊ፣ የሚያብለጨልጭና ጠጠር ያለ እብጠት ነው። ብርዱ ግን ምስሉን እንጂ መነሻውን አይገልጽም፤ በሽታው ሳርኮይዶሲስ የተባለው፣ በርካታ የሰውነት ክፍሎችን የሚያጠቃው የበሽታ መከላከያ ሥርዓት መዛባት ነው። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ይበዛል። ቆዳው ላይ ሲታይ ሳንባውና የላይኛው መተንፈሻም አብረው የታመሙ መሆናቸው የተለመደ ነው። ሳንባ ነቀርሳ በሚበዛበት አገር ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስለሆነ፣ ከቆዳው ናሙና ተወስዶ መመርመሩ አስፈላጊ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ ይልቅ በወጣት ሴቶች ላይ የሚታየው ሲስተሚክ ሉፐስ ኤሪቴማቶሰስ ነው። ከአሥር ሕመምተኞች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው። በአፍንጫው ግንድ ላይ አልፎ ሁለቱን ጉንጮች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚሸፍን ሽፍታ ያወጣል፤ ከአፍንጫ ክንፍ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደው እጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ፀሐይ ያባብሰዋል። በመጻሕፍት ውስጥ ሽፍታው ቀይ ነው ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ እኛ ይህ አጻጻፍ ያሳስበናል። ደም ቀይ የሚመስለው ሄሞግሎቢን አረንጓዴውን ብርሃን ውጦ ቀዩን ስለሚመልስ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ብርሃኑ ወደ ደም ሥሩ ሲገባም ሆነ ሲመለስ የሜላኒንን ሽፋን ማለፍ አለበት፤ ስለሆነም ቀዩ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ነው። የፈረንጅ ቆዳ ፎቶግራፍ እያየ የተማረ ሰው ቀይ ቢራቢሮ ሲጠብቅ ጥቁሩ ቢራቢሮ በፊቱ ያልፋል።

ውጤቱም ማድያት ነው ተብሎ መታለፉ ነው። ማድያትም በፀሐይ ይባባሳል፣ አፍንጫና ጉንጭንም ያጠቁራል፤ ሆኖም መገጣጠሚያ አያሳምምም፣ አያተኩስም፣ ጸጉር አያረግፍም፣ ሽንትንም አረፋማ አያደርግም። ሉፐስ ኩላሊትን ሊያጠፋ ይችላል። ከመድኃኒት ቤት ወይም ከገበያ ያለ ማዘዣ የሚገዙ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ደግሞ ሽፍታውን ለጊዜው ያደበዝዙታል፤ ኩላሊቱን ግን አይደርሱበትም። ለወራት ፊት ላይ ሲቀቡም ራሳቸው ሌላ ሽፍታ ያስከትላሉ።

ቁንጭር

እስካሁን በሙቀት ሕግ ብዙ ነገር ስላብራራን ሁሉንም በእርሱ ለማብራራት እንፈተናለን። የፊዚክስ ሰው ደዌ ይህ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች፣ በተለይ ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች የሚገኘው ቁንጭርም አፍንጫና ጉንጭ ላይ ይበዛል፤ አምጪው ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ የተባለ ጥገኛ ሕዋስ ነው። ቦታውን የመረጠችው ግን መጀመሪያ የአሸዋ ዝንቧ ናት። ሽኮኮዎች በሚኖሩባቸው ገደሎች አካባቢ ትራባለች፤ ሌሊት ወጥታም የተኛ ሰው ጋቢው ያልሸፈነውን ትነክሳለች። አብዛኛውን ጊዜ ያልተሸፈነው ደግሞ ፊት ነው።

ቁንጭር በሰውነት ላይ ሲሠራጭ የሥጋ ደዌን ሊመስል ይችላል፤ የተሳሳቱም አሉ። አንዱ መለያ የጥጥ ክር ነው። ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ በለውጡ ላይ ጥጥ ሲነካ፣ በሥጋ ደዌ በነጣ ወይም በደበዘዘ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ አይሰማውም፤ በቁንጭር ላይ ይሰማዋል። ፊት ላይ ያለው የነርቭ መረብ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በዚያ ቦታ ያልተገኘ መደንዘዝ የሥጋ ደዌ የለም አያሰኝም። ቁርጡ የሚታወቀው በቤተ ሙከራ ነው።

አልማዝ ባለጭራ በአፍንጫ ጫፍ ላይ

በመጨረሻ ከሙቀት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን፣ ቀናት ሳይሆን ሰዓታት የሚቆጠሩበትን ምልክት እናንሣ። በልጅነት ጉድፍ የሚያመጣው ቫይረስ በሽታው ከዳነ በኋላም ከሰውነት አይወጣም፤ በነርቭ ሥር ተኝቶ ይኖራል። የመከላከል አቅም ሲዳከም ነቅቶ በአንድ ነርቭ መስመር ላይ ብቻ ይፈስሳል፤ ውኃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥል ሽፍታ በሰውነት አንድ ወገን ብቻ ይወጣል። አልማዝ ባለጭራ የምንለው ይህን ነው። በወጣት ሰው ላይ ሲታይ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ሽፍታው ግንባር ላይ ከሆነና አንድ ሁለት ፊኛ በአፍንጫው ጫፍ ወይም ጎን ላይ ከተጨመረ ግን ዓይን አደጋ ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ያስተዋሉት እንግሊዛዊው ጆናታን ሐቺንሰን ሲሆኑ፣ ምልክቱም በስማቸው ይጠራል። የአፍንጫን ጫፍ የሚያገለግለው ነርቭ ወደ ዓይንም ቅርንጫፍ ይልካል፤ ከአንድ ምሰሶ ለሁለት ቤት እንደተሳበ ሽቦ ማለት ነው። በአንዱ ቤት የታየ ጢስ በሌላው ቤት እሳት መኖሩን ያሳያል። ምልክቱ አለመታየቱ ዓይኑ ደኅና ነው አያሰኝም፤ ከታየ ግን ሕመምተኛው ቅባት እየቀባ ሽፍታው እስኪደርቅ መጠበቅ የለበትም። ቫይረሱን የሚገታው መድኃኒት ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ቫይረሱ የዓይንን መስተዋት ነርቭ ከጎዳው ዓይኑ እየቆሰለ ሕመም ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ እዚህም ጥጥ ያወጣል፤ ጫፉን እንደ ክር አሹሎ የዓይኑን መስተዋት በቀስታ ይነካና ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍን እንደሆነ ይመለከታል።