«ክብደት» እና «መጠነ ቁስ»፦ የሁለት ስያሜዎች ወሰን

አንድ ተርጓሚ ስለ ጨረቃ ጉዞ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመልስ፥ እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ተጓዦች ከጨረቃ ያመጡት ድንጋይና አፈር 21.5 ኪሎ ግራም ያህል እንደ ነበረ ያነባል። «ክብደቱ 21.5 ኪሎ ግራም» ብሎ ቢጽፍ በዕለት ተዕለት አነጋገር የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ የጨረቃ ስበት የመሬትን ስበት አንድ ስድስተኛ ያህል በመሆኑ ማንኛውም ነገር በዚያ ክብደቱ እንደሚቀንስ ሲጽፍ፥ አንባቢው «እንግዲያስ 21.5 ኪሎ ግራም የተባለው የየትኛው ሥፍራ ክብደት ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄው ከምን እንደሚመነጭ ለማስረዳትና የሁለቱን ስያሜዎች ወሰን ለማመልከት እንሞክራለን።

በፊዚክስ መጠነ ቁስ የሚባለው፥ አንድ አካል ከቆመበት ሲያንቀሳቅሱት ወይም ከሚሄድበት ሲያቆሙት የሚያሳየው እንቢታ ልክ ነው፤ መለኪያውም ኪሎ ግራም ነው። ክብደት ግን ስበት አካሉን የሚስብበት ጉልበት ነው፤ መለኪያውም ኒውተን ነው። ስለዚህ የእነዚያ ድንጋዮች መጠነ ቁስ በጨረቃም ሆነ በመሬት ያው 21.5 ኪሎ ግራም ሲሆን፥ ክብደታቸው በጨረቃ 35 ኒውተን፥ በመሬት ደግሞ 211 ኒውተን ያህል ነው። ስበት በመሬትም ላይ ቢሆን ከሥፍራ ሥፍራ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1672 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዣን ሪሼ በምድር ወገብ አቅራቢያ በምትገኘው በካየን ሳለ፥ በፓሪስ የተስተካከለው የፔንዱለም ሰዓት በየቀኑ 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ሲቀር ያስተዋለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ የዕለት ተዕለቱ ቋንቋ ሁለቱን ስለ ምን በአንድ ቃል ይጠራል? መልሱ ከሚዛኑ ላይ ይገኛል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አንዱን አካል ከሌላው ጋር ስለሚያነጻጽር፥ ስበት ቢቀንስ በሁለቱም ወገን እኩል ይቀንሳል፤ ፍርዱም አይለወጥም። ቡናውን በፈረሱላ፥ ወርቁን በወቄት የሚመዝነው ነጋዴ «ክብደት» ቢልም የሚሻው መጠነ ቁሱን ነው። በስፕሪንግ የሚሠራ ሚዛን ግን የሚለካው ጉልበቱን ነው። ይህ መደባለቅ የአማርኛ ብቻ ጉድለት አይደለም። ሦስተኛው አጠቃላይ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1901 ኪሎ ግራም የመጠነ ቁስ መለኪያ መሆኑን፥ ክብደት ግን ከጉልበት ወገን መሆኑን በውሳኔ ማስታወቅ ያስፈለገው፥ በአውሮፓ ቋንቋዎችም ቃሉ አሻሚ ስለ ነበረ ነው።

ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ሌሎች ቃላት ሊታሰቡ ይችላሉ። «ግዝፈት» የአካልን ትልቅነት ስለሚያመለክት ወደ ይዘት ያደላል፤ አንድ ጆንያ ጥጥ ከአንድ ቁራጭ ብረት ይገዝፋልና። «ብዛት» ወደ ቁጥር ይወስዳል። «ማስ» ብሎ እንዳለ መዋስም ለአንባቢው አንዳች ፍንጭ አይሰጠውም። በመማሪያ መጻሕፍት የገባው «መጠነ ቁስ» ግን ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ መግቢያ በላቲን «ኳንቲታስ ማቴሪዬ» ካለው ጋር ቃል በቃል ይገጥማል።

ሆኖም ይህ ስያሜ አንድ አደጋ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1971 ሞል ከመሠረታዊ መለኪያዎች እንደ አንዱ ሲቆጠር፥ በሞል የሚለካው ነገር ራሱን የቻለ ስም አገኘ። ያን ስም በቀጥታ የሚተረጉም ሰው «የቁስ መጠን» ማለቱ የማይቀር ነው። «የቁስ መጠን» እና «መጠነ ቁስ» ደግሞ አንዱ በአማርኛ፥ ሌላው በግዕዝ አገባብ የተዛረፉ ከመሆናቸው በቀር ትርጓሜያቸው አንድ ነው። 12 ግራም ካርቦን 1 ሞል ያህል፥ 12 ግራም ሃይድሮጂን ግን 6 ሞል ያህል መሆኑን ለሚማር ተማሪ ይህ መመሳሰል ከባድ መሰናክል ይሆናል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፥ በሳይንስ ጽሑፍ ኪሎ ግራም «መጠነ ቁስ»ን፥ ኒውተን «ክብደት»ን ይከተል። ሁለተኛ፥ በሞል ለሚለካው «የሞል ብዛት» ይባል፤ ከላይ ያልተቀበልነው «ብዛት» ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ሦስተኛ፥ «መጠነ ቁስ» እንደ አንድ ቃል ስለሚቆጠር ቅጥያው በመጨረሻው ክፍል ላይ ይዋል፤ «መጠነ ቁሱ» እንጂ «መጠኑ ቁስ» አይባልም። አራተኛ፥ በልብ ወለድ፥ በዜናና በንግድ ጽሑፍ «ክብደቱ 60 ኪሎ» የሚለው ነባር አነጋገር አይነካ። የሙያ ቃል ወሰን የሚበጀው ለሙያው ነው፤ ገበያተኛውን ከነሚዛኑ ለማረም አይደለም።