ከአንጎል ጉዳት በኋላ ስሜትን በንግግር መግለጽ ሲያቅት

ከስትሮክ ወይም ከጭንቅላት ጉዳት የተረፈ ሰው «ናፍቃችሁኛል» የሚለውን ቃል ቀዝቃዛ በሆነ ድምፅ ሊናገር ይችላል። ቤተሰብም «ልቡ ደነደነ»፣ «ጠላን» ብሎ ያዝናል። ብዙ ጊዜ ግን የጠፋው ፍቅሩ አይደለም፤ የተጎዳው ስሜትን ወደ ንግግር የሚለውጠው የአንጎል ክፍል ነው።

ምን ዓይነት ለውጦች ይታያሉ?

• የግራ አንጎል ጉዳት፦ በአብዛኞቻችን ቃላትን የሚመራው ግራው የአንጎል ክፍል ነው። ሲጎዳ ሕመምተኛው ስሜቱን የሚገልጽበት ቃል ያጣል። ሰላምታ፣ ጸሎት፣ መዝሙር ወይም ስድብ ግን ሳያስበው ሊወጣው ይችላል። ስድብ ቢያመልጠው አይቀየሙት።

• የቀኝ አንጎል ጉዳት፦ ቃላቱ ትክክል ናቸው፤ የድምፅ ቃናው ግን ወጥ ይሆናል። «ጎበዝ!» የሚለው ቃል እንደ አነጋገሩ ሙገሳም ምጸትም ይሆናል። ይህን ልዩነት ማሰማት፣ አንዳንዴም ከሌላው ሰው ድምፅ መለየት ያቅተዋል። ኤሊዮት ሮስ የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1979 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ የገለጿት አንዲት መምህርት፣ ቁጣዋ በድምጿ ስለማይሰማ ልጆችን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። መፍትሔዋም መቆጣቷን በቃል መናገር ሆነ።

• ያለ ምክንያት መሳቅ ወይም ማልቀስ፦ ይህም ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ ነው፤ በመድኃኒት ሊቀንስ ይችላል።

ድብርት እንዳይደበቅ ይጠንቀቁ

ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች ሲሶ ያህሉ ድብርት ይይዛቸዋል። ድምፁ ስለማይለወጥ ግን ሐዘኑ ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱንና ከሰው መራቁን ያስተውሉ። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ፣ ድምፁ የተረጋጋ ቢሆንም እንኳ አምነው ፈጥነው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

• ስሜቱን በቃል ይጠይቁ፦ «እማዬ፣ አዝነሻል ወይስ ደክሞሻል?»
• ጊዜ ይስጡ፤ አፉ ላይ አይናገሩበት።
• የእርስዎንም ስሜት በግልጽ ይናገሩ፤ ምጸትና ቅኔያዊ አነጋገር ይቀንሱ።
• ለጎረቤትና ለጠያቂ ዘመድ ሁኔታውን ያስረዱ።
• ጠበል የሚጠመቅ ቢሆንም የደም ግፊትና ሌሎች መድኃኒቶቹን እንዳያቋርጥ ይርዱት።

የት ይሄዳሉ?

በባሕር ዳር ከተማ ፈለገ ሕይወት እና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ይገኛሉ። በዘጌና በሌሎች የጣና ዳርቻ ቀበሌዎች የሚኖሩ ከሆነ በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ማጻፍ ይችላሉ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በቅርብ ባይገኝም፣ በየቀኑ ከቤተሰብ ጋር መነጋገርና መለማመድ ይጠቅማል። መሻሻሉ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ግን ሪፈር ወይም የነገን ጀልባ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።