ራጅ የመነሣት ፍርሃት

ከጫንጮ ተነሥቶ በሱሉልታ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለምርመራ የሚሄድ ሕመምተኛ በእጁ የያዘው አንዲት የሐኪም ወረቀት ብትሆንም፥ በልቡ የተሸከመው ሐሳብ ግን እጅግ የከበደ ነው። «ራጅ ተነሣ» ወይም «ኤምአርአይ ያስፈልግሃል» ከተባለባት ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ ያጣል። ቀጠሮውን ትቶ ከቤቱ የሚቀርም አይታጣም።

ይህን ፍርሃት አለማወቅ ነው ብለን ልናቃልለው አንወድም። ጀርመናዊው ሊቅ ዊልሔልም ሮንትገን ይህን ጨረር በ1888 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ባገኘ ጊዜ፥ ካነሣቸው ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች አንዱ የሚስቱ እጅ ነበር፤ እርስዋም የገዛ ዐጥንትዋን አይታ ሞቷን ያየች ያህል እንደ ደነገጠች ይነገራል። በዚያው ዓመት በየካቲት የዓድዋ ድል ሆነ፤ በግንቦትም በናፖሊ የጦር ሆስፒታል ሐኪሙ ጁሴፔ አልቫሮ ከአገራችን ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በዚሁ ጨረር ፈለገ። የአባቶቻችን ጥይት ለራጅ ታሪክ እንዲህ ያለ ድርሻ አለው!

በክርስቲያን ቤት ግን ከሁሉ የሚከብደው የማተብ ነገር ነው። እናቶቻችን «በአንገትዎ ያለውን ያውልቁ» ሲባሉ የሚደነግጡት ስለዚህ ነው። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ የብረት መስቀል በራጁ ላይ ነጭ ሆኖ ታይቶ ከበስተኋላው ያለውን ይሸፍናል፤ ኤምአርአይ ደግሞ ኀይለኛ ማግኔት ስለ ሆነ ብረትን ይስባል። ስለዚህ መስቀሉን ለአስታማሚ መስጠት ይገባል። ብረት የሌለበት የጥጥ ክር ግን በራሱ የሚያመጣው ጉዳት ስለሌለ፥ ከመግባት አስቀድሞ ባለሙያውን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ጨረሩም ቢሆን፥ አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው መጠን በተፈጥሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሚደርስብን አይበልጥም። ሲቲ ስካን ከዚህ ይበዛል፤ ሐኪሙም ያለ ምክንያት አያዝዘውም። ኤምአርአይ ይህ ጨረር የለውም፤ የሚያስጨንቀው ጥበቱና እንደ መዶሻ የሚያስተጋባው ድምፁ ነው። እስከ አንድ ሰዓት ሊቈይ ስለሚችል ለጆሮ መከለያ፥ ለእጅም የመጥሪያ መጭመቂያ ይሰጣል፤ የተጨነቀ ሰው እርስዋን ተጭኖ መውጣት ይችላል።

ያረገዘች ወይም አርግዤ ይሆናል ብላ የምትጠራጠር ሴት ይህንኑ አስቀድማ ትናገር። በዘመቻ ተመትቶ የጥይት ስባሪ በሰውነቱ የቀረ አባትም፥ ለልጆቹ እንኳ ያልነገረውን ቢሆን፥ ወደ ኤምአርአይ ክፍል ከመግባቱ በፊት ለባለሙያው ይንገር።